ከጅቡቲ የወጡ ባለቅኔና የፊልም አዘጋጅ

ጅቡቲ የሚለው ስም በተጠራ ጊዜ በአብዛኞቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚመጣው ወደቡ፥ መርከቡ፥ የባቡሩ ሐዲድና የባሕሩ ጠረፍ ሙቀት ነው። ነጋዴው ዕቃው የሚራገፍበትን ቀን ይቈጥራል፤ የጭነት መኪና ነጂው የመንገዱን ርዝመት ያስባል፤ የጉምሩክ ሹም ሰነዱን ይመረምራል። በዚያች ከተማ ተወልዶ ስላደገው ሰው፥ ስለሚገጥመው ግጥምና ስለሚደርሰው ድርሰት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጎረቤትን በወደቡ ብቻ ማወቅ ቤቱን በደጃፉ ብቻ እንደ ማወቅ ስለ ሆነ፥ በዛሬው ጽሑፋችን ከዚህች ከተማ ወጥተው በሩቅ አገር የኖሩ፥ ነገር ግን ዓይናቸውን ከእርስዋ ያላነሡ የሁለት ሰዎችን ሕይወትና ሥራ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። አንዱ ባለቅኔና ደራሲ አብዱራህማን ዋቤሪ ናቸው፤ ሁለተኛዋ የፊልም አዘጋጅ ሉላ ዓሊ ኢስማኢል ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ

ጅቡቲ ዕድሜዋ ረጅም የሆነ ከተማ አይደለችም። ፈረንሳዮች ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተ ደቡብ ባለው ጠረፍ ላይ የቈረቈርዋት በ1888 ገደማ ነው። አስቀድሞ የግዛቱ ዋና ከተማ ኦቦክ ስትሆን፥ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጅቡቲ ተዛወረ። በ1897 የምድር ባቡሩ ሥራ ተጀመረ፤ በ1902 ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቡናችንና ቆዳችን በእርስዋ በኩል ወጣ፤ ከባሕር ማዶ የገዛነውም ዕቃ በእርስዋ በኩል ገባ። አገሪቱ ጁን 27 ቀን 1977 ነጻነትዋን ካገኘች በኋላም ይህ ግንኙነት አልተቋረጠም። ከ1998 ወዲህ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው በዚሁ ወደብ ያልፋል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በ2018 መደበኛ አገልግሎቱን ጀምሯል።

እንዲህ ያለች ከተማ ብዙ እንግዳ ታያለች፤ እንግዳውም በበኩሉ ስለ እርስዋ ይጽፋል። በወጣትነቱ ድንቅ ግጥሞችን የጻፈው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ፥ ግጥም መጻፉን ፈጽሞ ከተወ በኋላ በዚህ አካባቢ በንግድ ኖሯል። በ1886 ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚሸጠውን የጦር መሣሪያ በግመል አስጭኖ የተነሣው ከታጁራ ነበር። ከእርሱ በኋላም አንሪ ደ ሞንፍሬ የተባለው ፈረንሳዊ በ1911 ወደ ጅቡቲ መጥቶ በጀልባ ሲነግድ ከኖረ በኋላ ስለ ቀይ ባሕር ብዙ መጻሕፍት ጻፈ። ከእነዚህም መጻሕፍት አንዱ በ1937 ወደ ፊልም ተለወጠ። ብዙ ዓመታት አልፈው ደግሞ በ1999 ፈረንሳዊቱ የፊልም አዘጋጅ ክሌር ዴኒ በጅቡቲ በረሓና ጠረፍ ላይ የታወቀውን ፊልማቸውን ሠሩ። የዚህ ፊልም ታሪክ የሚነግረን በዚያ ሰፍሮ ስለ ነበረው ሌዢዎን ኤትራንዤር ስለተባለው የፈረንሳይ ጦር ወታደሮች ነው።

እነዚህ ሥራዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዋጋ አላቸው። ይሁን እንጂ በእነርሱ ውስጥ ዋናውን ነገር የሚናገረውና የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ እንግዳው ነው። የከተማው ሰው በገበያ ሲያልፍ፥ በጥላ ሥር ሲቀመጥ፥ ጀልባ ሲቀዝፍ ከሩቅ ይታያል፤ የልቡን ሲናገር ግን እምብዛም አይሰማም።

ለመሆኑ የከተማው ሰው የሚናገረው አጥቶ ነውን? እንዲህ ብሎ ማሰብ ታላቅ ስሕተት ነው። የሶማሌ ሕዝብ ጋባይ በሚባለው ግጥሙ የታወቀ ነው። በዚህ ግጥም የጎሣ ክርክር ይሟገቱበታል፤ ዕርቅ ያወርዱበታል፤ ግመልንም ሴትንም ያወድሱበታል። የዓፋርም ሕዝብ እንዲሁ በቃል የሚወርድ ብዙ ቅኔ አለው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሀብት በቃል የሚኖር ስለ ነበረ፥ ቋንቋውን ለማያውቅ እንግዳ እንዳልነበረ ሆኖ ይቈጠር ነበር።

ይህን ዝምታ በመጽሐፍ ከሰበሩት ሰዎች መካከል በቀደምትነት የሚጠሩት በ1930 በጅቡቲ የተወለዱት ባለቅኔ ዊልያም ሲያድ ናቸው። በ1959 ያሳተሙት የግጥም መጽሐፋቸው ስሙ «ከምሲን» ይባላል። ከምሲን ከበረሓ የሚነሣ፥ አሸዋ የተሸከመ ትኩስ ነፋስ ነው። የመጽሐፉን መቅድም የጻፉላቸው፥ ጥቂት ቈይተው የሴኔጋል ፕሬዚዳንት የሆኑት ታላቁ ባለቅኔ ሌዎፖልድ ሴዳር ሴንጎር ነበሩ። ከዚህ መጽሐፍ ስድስት ዓመት በኋላ ዋናው ባለታሪካችን ተወለዱ።

ባለቅኔው አብዱራህማን ዋቤሪ

አብዱራህማን ዋቤሪ በ1965 በጅቡቲ ከተማ ተወለዱ። የተወለዱበት ጊዜ ለከተማይቱ የጭንቅ ዘመን ነበር። በ1966 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዠነራል ደ ጎል ወደ ጅቡቲ በመጡ ጊዜ ሕዝቡ ነጻነት ይሰጠን ብሎ በአደባባይ ጮኸ፤ ደምም ፈሰሰ። ከዚህ በኋላ የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ከገጠር የሚመጣውን ሰው ለማገድ ከተማይቱን በእሾህ ሽቦ አጠረ። ከአጥሩ ውጭ የቀረው ድኻ ሕዝብ በቆርቆሮና በጣውላ ጎጆ እየቀለሰ ሰፈረ፤ ይህም ሰፈር ባልባላ ተባለ። ባልባላ ከጊዜ ወደ ጊዜ ድርቅና ጦርነት ያፈናቀለውን ሰው ሁሉ እየተቀበለ ዛሬ ራሱን የቻለ ትልቅ ከተማ መስሏል። ይህን ስም አንባቢዎቻችን ያስታውሱልን፤ ቈይተን እንመለስበታለን።

ዋቤሪ ገና በልጅነታቸው አንድ እግራቸውን በሕመም ተጎዱ፤ ከዚያም ወዲህ እያነከሱ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ሩጫና ኳስ ለተከለከለ ልጅ መጽሐፍ ትልቅ ጓደኛ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ አገራቸው ነጻ ወጣች። ትምህርታቸውንም በዚያው ተከታትለው በ1985 ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፈረንሳይ አገር ተጓዙ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በዚያ ዘመን በጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ2006 ነው። ስለዚህ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ መማር የፈለገ ልጅ ሁሉ የግድ ከእናቱ ቤት መውጣትና ባሕር መሻገር ነበረበት። ጉዞው ትምህርት ይባል እንጂ ለብዙዎቹ ረጅም ስደት ሆኖ ቀርቷል። ዋቤሪም በኖርማንዲ አውራጃ በምትገኘው በካን ከተማ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሩ፤ ቈይተውም በዚያው የእንግሊዝኛ መምህር ሆኑ። ዝናብና ጉም በበዛበት በዚያ አገር ተቀምጠው ስለ ፀሐይዋና ስለ ጨው ምድርዋ ስለ ጅቡቲ መጻፍ ጀመሩ።

የመጀመሪያ መጽሐፋቸው የአጫጭር ታሪኮች ስብስብ ሲሆን በ1994 ታተመ፤ ስሙም «ጥላ የሌለው አገር» ማለት ነው። በ1996 የወጣው «የዘላን ደብተር» ታላቁን የጥቍር አፍሪቃ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አስገኘላቸው። በ1997 ደግሞ ሦስተኛውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ ስሙንም «ባልባላ» አሉት። ከእሾህ ሽቦው ውጭ የተጣለው ያ ሰፈር የልብ ወለድ መጽሐፍ ርእስ ሆነ ማለት ነው። ታሪኩ የሚያወሳው ስለ አራት ወዳጆች ነው፤ ዋይስ የተባለ የማራቶን ሯጭ፥ ዲሌይታ የተባለ ባለቅኔ፥ ዮኒስ የተባለ ሐኪምና አናብ የምትባል ሴት። አራቱም አገራቸው እንዲሻላት ይመኛሉ፤ ስለ ምኞታቸውም መከራ ይቀበላሉ። የጅቡቲ ልጅ ሑሴን አሕመድ ሳላሕ በ1988 በሴውል ኦሊምፒክ በማራቶን ሦስተኛ ወጥቶ የነሐስ ሜዳይ እንዳገኘ የሚያስታውስ አንባቢ፥ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሯጭ መኖሩ ምን ያህል የአገሬውን ልብ እንደሚነካ ይገባዋል።

በግጥምም ረገድ ዋቤሪ በ2000 አንድ መጽሐፍ አውጥተዋል። ርእሱ ወንድሞቼ የሚላቸው ዘላኖች ታላቁ ድብ ከተባለው የሰሜን ኮከብ ጭፍራ ሊጠጡ መሄዳቸውን ይናገራል። ውሃ በምድር ላይ ያጣ ሰው ዓይኑን ወደ ሰማይ እንደሚያነሣ የበረሓ ሰው ሁሉ ያውቃል። ግጥሞቹ አጫጭር ናቸው፤ ቃል አይበዛባቸውም፤ ዘላን ለመንገዱ የሚበቃውን ብቻ እንደሚይዝ እንዲሁ ናቸው። ሁለተኛው የግጥም መጽሐፋቸው በ2016 ወጥቷል።

በዚሁ በ2000 ያሳተሙት ሌላው መጽሐፍ ስለ ሩዋንዳ እልቂት ነው። በ1998 ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ አፍሪቃውያን ደራስያን ወደ ኪጋሊ ሄደው ያዩትንና የሰሙትን ለመታሰቢያ እንዲጽፉ በተደረገ ጊዜ ዋቤሪ ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። በ2003 «ትራንዚት» የተባለውን ልብ ወለድ አወጡ። ታሪኩ የሚጀምረው በፓሪስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ በዚያም ከጅቡቲ የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ያለፈ ሕይወታቸውን ያስታውሳሉ። በ2006 ደግሞ ዓለምን ገልብጠው አሳዩን። በዚህኛው መጽሐፍ አፍሪቃ ባለጸጋና ኃያል ናት፤ የአውሮፓ ድኾች እንጀራ ፍለጋ ወደ እርስዋ ይሰደዳሉ፤ ከኖርማንዲ በማደጎ የመጣች አንዲት ልጅም በአስመራ ታድጋለች። መጽሐፉ ያስቃል። ሳቁ ሲያልፍ ግን አንባቢው ስደተኛን የሚያይበትን ዓይን ራሱ ይመረምራል።

በ2009 የወጣው «የእንባ መተላለፊያ» ከሁሉ ይልቅ ስለ መመለስ የሚናገር ነው። የመጽሐፉ ስም የተወሰደው ከባብ ኤል መንደብ ነው፤ ትርጓሜው የእንባ በር ማለት ነውና። ጅብሪል የተባለው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ከሞንትሪያል ወደ ጅቡቲ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ዘመድ ለመጠየቅ ሳይሆን ለባዕድ ድርጅት ወሬ ለመሰብሰብ ነው። በአገሩ ሳለ መንትያ ወንድሙ በእስር ቤት ሆኖ እርምጃውን ይከታተላል። ለባዕድ ዓይን ሆኖ ወደ እናት አገር መመለስ ምን ያህል አስጨናቂ እንደ ሆነ መጽሐፉ በግልጽ ያሳያል።

ዋቤሪ ቈይተው ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዋሺንግተን በሚገኘው በጆርጅ ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ የፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ሆኑ። በ2019 ባሳተሙት መጽሐፍ ግን እንደ ገና ወደ ልጅነታቸው ተመልሰዋል። በፓሪስ የምትኖር ትንሽ ልጅ አባትዋን ስትሄድ ለምን ትደንሳለህ ብላ ትጠይቀዋለች። አባቷም በጅቡቲ ስላሳለፈው ልጅነት፥ ስለ ሕመሙ፥ ስለ አያቱም ያጫውታታል። የመጽሐፉ አባት አዴን ይባላል፤ የሚያነክሰው እግር ግን የደራሲው የራሳቸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በውጭ አገር የኖረ ሰው፥ በዚያ የተወለደች ልጁ ጥያቄ ባቀረበችለት ጊዜ መልሱን የሚያገኘው በተወለደበት ሰፈር ነው።

እንግዲህ ከራምቦ ጋር እናስተያያቸው። ራምቦ ወደዚህ ምድር የመጣው ብዕሩን ካስቀመጠ በኋላ ነው፤ ዋቤሪ ግን ከዚህ ምድር በወጡ ጊዜ ብዕራቸውን አነሡ።

የፊልም አዘጋጅዋ ሉላ ዓሊ ኢስማኢል

ከዋቤሪ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል የሚያንሱት ሉላ ዓሊ ኢስማኢል በጅቡቲ የተወለዱት ከነጻነት በኋላ ነው። በወጣትነታቸው ወደ ካናዳ ሄደው በሞንትሪያል ኖሩ። የዋቤሪ ልብ ወለድ ጅብሪልን ያስቀመጠው በዚችው ከተማ መሆኑን ልብ ይሏል። ጅብሪል ለባዕድ ድርጅት ተመለሰ፤ ሉላ ግን የከተማቸውን ሴቶች ታሪክ ለመሥራት የፊልም መኪና ይዘው ተመለሱ።

የመጀመሪያ ሥራቸው በ2011 የሠሩት «ላን» የተባለው አጭር ፊልም ነው። በጅቡቲ የሚኖሩ የሦስት ወጣት ሴቶችን የዕለት ኑሮ ያሳያል። በታሪኩ ውስጥ ጫትም ቦታ አለው። ጫት ከአገራችን ከሐረርጌ ደጋ ተነሥቶ በየቀኑ ጅቡቲ እንደሚገባ የታወቀ ነው። ለእኛ የንግድ ሂሳብ ነው፤ በጅቡቲ ቤት ውስጥ ግን ከባልና ከሚስት መካከል የሚቀመጥ ነገር ነው። ፊልሙ ይህን ጉዳይ ያየው ከሴቶቹ ወገን ሆኖ ነው።

በ2017 ያወጡት «ዳሊንያሮ» በሴት አዘጋጅ የተሠራ የጅቡቲ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። ቃሉ በሶማልኛ ወጣቶች ማለት ነው። ዴቃ፥ አስማና ሂቦ የሚባሉ ሦስት ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ትምህርታቸውን ይከታተላሉ። ሂቦ የባለጸጋ ልጅ ናት፤ አስማ ከድኻ ቤተ ሰብ የተወለደች ናት፤ ዴቃ በመካከል ናት። ትምህርት ቤት አንድ ያደረጋቸው እነዚህ ልጆች ፈተናው ካለፈ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ ያስባሉ። የዴቃ እናት ከባልዋ የተለየች ሴት ስትሆን፥ ልጅዋ ወደ ውጭ አገር ሄዳ እንድትማር ገንዘብ ስታጠራቅም ኖራለች። ዴቃ ግን ልሂድ ወይስ ልቅር እያለች ታመነታለች።

በዚህ ፊልም ውስጥ ትልቅ ጦርነት የለም። የምናየው የትምህርት ቤቱን ልብስ፥ የባሕሩን ዳር፥ የሰፈሩን መንገድ፥ የእናቶችን ጭውውትና የልጃገረዶችን ሳቅ ነው። ተዋናዮቹ በጅቡቲ የተመረጡ ወጣቶች ናቸው፤ ንግግሩም በሶማልኛና በፈረንሳይኛ ነው። ለብዙ ዘመን ከሩቅ ብቻ ትታይ የነበረችው የጅቡቲ ልጅ በዚህ ፊልም ቀርባ፥ ስምዋን ተናግራ፥ አሳብዋን ገልጣ ታየች።

ዴቃ የምታመነታው የመምረጥ ዕድል ስላላት ነው። በ1985 ለዋቤሪ ይህ ዕድል አልነበረም፤ መማር ማለት መሄድ ነበርና። በ2006 ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ በኋላ ግን እዚያው ተቀምጦ መማር ተቻለ። ስለዚህ የዴቃ ጥያቄ ከዋቤሪ ዘመን ጥያቄ ይልቅ ይከብዳል። በግድ የሄደ ሰው ለመሄዱ ምክንያት አለው፤ በፈቃዱ የሚሄድ ግን ለእናቱም ለአገሩም ለራሱም መልስ መስጠት አለበት።

የቋንቋ ነገር

በጅቡቲ በመንግሥት ሥራ የሚነገሩት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። ሕዝቡ በቤቱ የሚናገረው ግን አብዛኛው ሶማልኛና ዓፋርኛ ነው። ሶማልኛ በሶማሊያ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ የተወሰነው በ1972 ስለ ሆነ፥ በፈረንሳይ ትምህርት ቤት ያደገ የዋቤሪ ዘመን ልጅ በእናቱ ቋንቋ መጻፍን በትምህርት ቤት አልተማረም። ስለዚህ የአያቱን ተረት በፈረንሳይኛ ጻፈው።

በ2007 ዋቤሪና ሌሎች ደራስያን፥ በድምሩ አርባ አራት ሰዎች፥ በፈረንሳይኛ የሚጻፈው ሥነ ጽሑፍ የዓለም ሕዝብ ሁሉ እንጂ የፈረንሳይ ብቻ አይደለም የሚል መግለጫ ፈርመው በጋዜጣ አሳትመዋል። አሳቡ ቋንቋን የሚገዛው የሚጠቀምበት ሰው ነው እንደ ማለት ነው። ይህ እውነት ነው። ቢሆንም ፈረንሳይኛ ያልተማረች የባልባላ እናት ስለ ሰፈርዋ የተጻፈውን መጽሐፍ ማንበብ አይቻላትም። ፊልሙ የመጣው በዚህ ክፍተት ነው፤ ፊደል ያልቈጠረ ሰው የራሱን ቋንቋ በራሱ ጆሮ ይሰማበታልና። መጽሐፉ የከተማይቱን ስም ወደ ሩቅ አገር አደረሰ፤ ፊልሙ የከተማይቱን መልክ ለራስዋ አሳየ። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ በሆነ ነበር።

ከእናታቸው ቋንቋ ሌላ ቋንቋ የሚማሩ አንባቢዎቻችን ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቁታል ብለን እናምናለን። ሰው በሁለተኛ ቋንቋ መሥሪያ ቤት ይሠራበታል፤ ጕዳይ ይፈጽምበታል፤ የሚያለቅስበትና የሚስቅበት ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። የሌላውን ሰው ልቅሶና ሳቅ ለመረዳት የሚፈልግ ሹምም ቋንቋውን መማር ያለበት ለዚህ ነው።

የወላጆች ድርሻ

ይህን ታሪክ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ያወጣነው ነገሩ የብዙ ቤት ጕዳይ በመሆኑ ነው። እንደ ዴቃ እናት ከዕለት ወጪዋ እየቀነሰች ለልጅዋ የጕዞ ገንዘብ የምታጠራቅም እናት በጅቡቲ ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም፥ በደሴም፥ በጎንደርም ትገኛለች። እናትየዋ ልጅዋን የምትሰደው እንዲሻላት ብላ ነው፤ በዚያው መጠን ልጅዋን ላታገኛት እንደምትችል ታውቃለች። ይህን ጭንቀት ምክር አያስወግደውም።

ነገር ግን ከሁለቱ ሰዎች ሕይወት አንድ ነገር መማር ይቻላል። ዋቤሪም ሆኑ ሉላ በባዕድ አገር ለሥራቸው የሚሆን ስንቅ ያገኙት ከቤታቸው ይዘውት ከወጡት ነገር ነው። አንዱ የአያታቸውን ወግና የሰፈራቸውን ስም ይዘው ሄዱ፤ ሌላዋ የሶማልኛውን ጭውውትና የሴቶቹን ሳቅ ይዘው ሄዱ። ስለዚህ ልጁን ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ወላጅ ከሻንጣው አስቀድሞ ይህን ስንቅ ያዘጋጅ። ቋንቋውን አጥርቶ ያስተምረው፤ የሰፈሩን ታሪክ ያጫውተው፤ የአያቶቹን ስም ያስቈጥረው። ወደፊት ሩቅ አገር የተወለደች ልጁ አንድ ቀን ቀርባ አባባ፥ አንተ የየት ሰው ነህ ብላ ስትጠይቀው የሚመልሰው ከዚህ ስንቅ ነውና።